ዘሩ ሳይነሳ ስለተከፋፈለው አርባ አምስት ኩንታል ስንዴ

ለተከበሩ የመግቢያ ፈተና ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
(የኮሌጁን ስም ስለ ክብሩ ስል ትቼዋለሁ)
ደብረ ብርሃን

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ ከቢሮዎ ደጅ የሚሰለፈው ሕዝብ በሩን በከፈተ ቁጥር የሚያስገባው ነፋስ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ ጀርባዎን ለወንበሩ፣ ወንበሩንም ለጀርባዎ እንዲያቆይልዎ እጸልያለሁ። እኔም ከእግር ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። ቁርጥማቱም ቢሆን ከኮሌጁ ደጅ ስቆም የያዘኝ ስለሆነ ከክፍልዎ እንደተሰጠኝ መታሰቢያ አድርጌ ነው የማየው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ኅዳር፣ ውጤት በተለጠፈበት ዕለት፣ ከኮሌጁ በር ላይ የሰማሁት አንድ ንግግር ነው። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ባልደረባዎ፣ የልጇን ስም ከሰሌዳው ላይ አጥታ ለምትለምነው ሴት፣ ትዕግሥት በተሞላበት ድምፅ "እናቴ፣ ምን ላድርግሽ፤ ፈተናው እኮ ማንንም አያውቅም" አላት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እኔ ግን ቃሉን እንደተነገረ ወስጄ ቤቴ ገባሁና ብዙ አሰብሁበት። ችግሩ ፈተናው ሰው ያለማወቁ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ታየኝ። ሰው ከሰው እንደሚተዋወቀው ሁሉ፣ ተፈታኝንም ከፈተና ጋር የሚያስተዋውቅ አንድ ሽማግሌ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሽማግሌ ነኝ፣ ጡረታም ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከፈቀዱ አንዲት ልጅ ላስተዋውቅ።

ሥርጉት ወርቅአገኘሁ ትባላለች። አባቷ ቄስ ወርቅአገኘሁ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች አንዲት ደብር ያገለግላሉ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን መጥታ ከግቢዬ ጥግ ባለችው ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ከአባቷ ጋር በተስማሙበት ውል ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ኮሌጅ ከገባች ትማራለች፣ ካልገባች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልትማር የምትፈልገው የላቦራቶሪ ሙያ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ አንድ ጊዜ ወባ ተጠርጥራ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባለሙያው የራሷን ደም በማይክሮስኮፕ እንድታይ እንደፈቀደላት ነገረችኝ። "ጋሼ፣ ያ ሁሉ ነገር እኔ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም" ነው ያለችው።

ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልግ ነበር። ያገኘችው አርባ ዘጠኝ ነው።

የጥምርታ ሒሳብ ያስጠናኋት እኔ መሆኔን ልደብቅዎ አልፈልግም። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ መነጽርና መጻሕፍት ስላየችብኝ ሒሳብም የማውቅ መሰላት። እኔም ላለማሳፈር ስል የድሮ መጽሐፌን አውጥቼ ከእሷ አንድ ገጽ ቀድሜ እያነበብሁ አስጠናኋት። ዘዴው እርስዎ እንደሚያውቁት ቀላል ነው። ሁለት ለሦስት ከተባለ አንዱን ሁለት ኤክስ፣ ሌላውን ሦስት ኤክስ ብለሽ ጻፊ፤ ደምሪያቸው፤ ከጠቅላላው ጋር እኩል አድርጊ፤ ኤክስን አግኚ፤ ከዚያ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። "ብቻ" የምትለዋን ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ጠበቅ አድርጌ ነበር የምናገራት። ባለቤቴ እናናየሁ ከጓዳ ወደ በረንዳ ባለፈች ቁጥር "ኤክስ ዛሬም አልተገኘም? ለፖሊስ አመልክቱ እንጂ" እያለች ትስቅብን ነበር። ተገኝቶ ነበር፤ በየቀኑ እናገኘው ነበር።

ከዚህ በታች በቁጥር የማሰፍራቸውን ነጥቦች እንደ ወቀሳ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። እያንዳንዳቸው በምስጋና የታጀቡ ናቸው።

፩. ስለ ስድስቱ ወንዶች። ከፈተናችሁ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ "በአንድ ክፍል የሴቶችና የወንዶች ጥምርታ አራት ለሦስት ነው። ስድስት ወንዶች ከክፍሉ ሲወጡ ጥምርታው ሁለት ለአንድ ሆነ። ሴቶቹ ስንት ናቸው?" ይህን የመሰለ ጥያቄ በልምምድም ገጥሞን ስለነበር ሥርጉት በትክክል ሠርታዋለች። ሴቶቹ አራት ኤክስ፣ ወንዶቹ ሦስት ኤክስ ሲቀነስ ስድስት፤ የመጀመሪያው የሁለተኛው እጥፍ ነው፤ ኤክስ ስድስት ይሆናል፤ ሴቶቹ ሃያ አራት ናቸው።

በልምምዱ ጊዜ ግን በእርሳሷ ጫፍ ስድስቷን ቁጥር እየነካካች "የት ሄደው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አይጠየቅም አልኋት። "ስድስቱም በአንድ ቀን?" አለች። ሥርጉት፣ አልኋት። "እሺ ጋሼ" ብላ ወደ እኩልታው ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከእሷ ክፍል የወጡትን አምስት ወንዶች ቆጠረችልኝ። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። አንዱ አረርቲ ወርዶ በቀን ሥራ ሽምብራ ያጭዳል። አንዱ ታሞ ነው የቀረው። ስለ ሁለቱ በክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። እኔም የማስጠናው አልጀብራ ስለሆነ፣ ቁጥር ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል ብዬ ማስጠናቴን ቀጠልሁ።

ወንዶቹ ወጥተው ስለ ሴቶቹ ቁጥር ብቻ የሚጠየቅበትን ይህን ሥርዓት ክፍልዎ በአንድ መስመር አሳጥሮ ስላቀረበው ከልብ አመሰግናለሁ። እኛ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ እናወራለን፤ ግን መልስ አግኝተንለት አናውቅም።

፪. ስለ ጭነት መኪኖቹ። ይህ አጭር ነው። ፍጥነታቸው ሦስት ለሁለት የሆኑ ሁለት የጭነት መኪኖች ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በአንድ ሰዓት ይነሳሉ ይላል ሌላው ጥያቄያችሁ። በልምምድ ላይ ሥርጉት "ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ሁለቱም ተሰልፈው ነው የሚሄዱት፤ አንድ ለአንድ ይሆናሉ" ብላኝ ነበር። ጉም የለም በይ አልኋት፤ የለም አለች። በፈተናውም ጉም የለም ብላ ሠርታ ነጥቡን አግኝታለች። ይህን የማነሳው፣ ልጅቷ ዓለምን ከፈተናው ደጅ አስቀምጪ ሲሏት የምታስቀምጥ ታዛዥ ልጅ መሆኗን እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው።

፫. ስለ ጥያቄ ቁጥር ሃያ ሰባት። ከፈተናው የወጣች ዕለት ከግቢው በር ጀምራ ነው የጠራችኝ። "ጋሼ፣ አንዷ ጥያቄ የኛ ቤት ናት" አለች። ከሌላ አገር ገበያ መሃል የሰፈሯን ሰው ያገኘች ትመስል ነበር። የጥያቄ ወረቀቱን ይዘው እንዲወጡ ስለፈቀዳችሁ (ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል) አውጥታ አሳየችኝ። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

"አንድ ባለመሬትና አንድ አራሽ ምርታቸውን በሁለት ለሦስት ጥምርታ ለመካፈል ተስማሙ። ባለመሬቱ ለዘር አምስት ኩንታል ስንዴ ሰጠ። በመኸር አርባ አምስት ኩንታል ስንዴ ተመረተ። የአራሹ ድርሻ ስንት ኩንታል ነው? ሀ) 18 ለ) 24 ሐ) 27 መ) 30"

እኔ አርባ አምስትን ለአምስት አካፍዬ፣ ዘጠኝን በሦስት አባዝቼ፣ ሃያ ሰባት አልሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ አውድማ የማውቀው በመጽሐፍ ነው። ሥርጉት ግን ያዘነችልኝ ትመስል ነበር። "ዘሩስ ጋሼ?" አለች። ቄስ ወርቅአገኘሁ መሬታቸውን የሚያሳርሱት ባየው የሚባል ጎረቤታቸውን ነው። ዘሩ የቄሱ፣ በሬውና ጉልበቱ የባየው ነው። ምርቱ ከተወቃ በኋላ መጀመሪያ ዘሩ ይነሳል፤ ለዘር የተሰጠው ለሰጪው ይመለሳል ማለት ነው። ክፍፍሉ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ነው። ሥርጉት ቁና መያዝ ከቻለችበት ዕድሜ ጀምሮ በዚያ አውድማ ላይ ስትሰፍር ኖራለች። ዘር ሳይነሳ የተከፋፈለ ምርት አይታ አታውቅም፤ ዘር ሳይነሳ ልካፈል የሚል ሰውም አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ከአርባ አምስቱ አምስቱን አነሳች። አርባ ቀረ። ሁለት ኤክስና ሦስት ኤክስ አምስት ኤክስ፤ ኤክስ ስምንት፤ የአራሹ ድርሻ ሃያ አራት። ምርጫዎቹን ስታይ ሃያ አራት "ለ" ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። እንዲያም ሆኖ ጥያቄዋን ሦስት ጊዜ ሠርታታለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ደስ ስላለችኝ" አለች። አንድ ጊዜ የአራሹን አውጥታ፣ አንድ ጊዜ የባለመሬቱን ከነዘሩ ሃያ አንድ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱን ደምራ አርባ አምስት መምጣቱን አይታ፣ ከዚያ ነው ያጠቆረቻት። መጨረሻ ላይ ፈታኙ "እስክሪብቶ አስቀምጡ" ሲል ያልተነበቡ ሦስት ጥያቄዎች ቀርተዋት ስለነበር ሦስቱንም ሳታነብ "ሐ" ብላ ሞላቻቸው። አንዱም አልሆነም።

ትክክለኛ መልስ ተብሎ ከሰሌዳችሁ ላይ የተለጠፈው ሃያ ሰባት ነው። ዘሩ አልተነሳም።

ይህን ይዤ ወደ ክፍልዎ መስኮት ስመጣ የተቀበለችኝ ልጅ እጅግ ጨዋ ነበረች። "አባባ፣ ጥያቄው ስለ ጥምርታ ነው እንጂ ስለ እርሻ አይደለም" ብላ አስረዳችኝ። እንግዲያው ስንዴው ምን ሊያደርግ መጣ ብዬ ጠየቅኋት። ስንዴው ለምሳሌ ነው አለች። አምስቱ ኩንታል ዘርስ? እሱም ለምሳሌ ነው አለች። ለምሳሌ የተዘራ ስንዴ አርባ አምስት ኩንታል ማፍራቱን ሰምቼ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው እግዚአብሔርን ያመስግን ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ቅሬታችን "እየታየ ነው" ተብያለሁ። እስካሁን ዓይን ያልደከመው ተመልካች ስለመደባችሁለት አመሰግናለሁ።

፬. ስለ አራቱ ምርጫዎች። እዚህ ላይ አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። የአራሹንና የባለመሬቱን ድርሻ ለሚያቀያይር ተፈታኝ አሥራ ስምንትን አዘጋጅታችኋል። ዘሩን በመቀነስ ፈንታ ለሚደምር ሰው፣ አርባ አምስትና አምስት ሃምሳ፣ ኤክስ አሥር፣ ሠላሳን አዘጋጅታችኋል። ዘሩን አንስታ ለምትካፈል ልጅ ደግሞ ሃያ አራትን። እያንዳንዱ ስሕተት ማረፊያ ተዘጋጅቶለታል፤ ማንም ተፈታኝ ተሳስቶ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ታስቦበታል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ባልደረቦችዎ መካከል አንዱ፣ አውድማ ላይ መጀመሪያ ዘር እንደሚነሳ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ባያውቅ ሃያ አራት ከየት ይመጣል? አውቆ፣ አስቦ፣ አስልቶ፣ "እንዲህ የምትል ልጅ ትኖራለች" ብሎ "ለ" ላይ አስቀመጠላት። ልጅቷን ማስተዋወቅ እንዳለብኝ አምኜ የጀመርሁት ደብዳቤ እዚህ ላይ ሲደርስ ትርፍ መሆኑ ገባኝ። ፈተናው ሥርጉትን በደንብ ያውቃታል። ከእኔ ይልቅ ያውቃታል፤ እኔ ዓመት ሙሉ ሳስጠናት ስለ ዘር መነሳት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

፭. ስለ ባየው። ይህን ባላነሳው ደስ ባለኝ፤ ግን ክፍልዎ ሥራው እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይኖርበታል ብዬ ነው።

ውጤቱ እንደታወቀ ሥርጉት ለአባቷ ስልክ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም እናናየሁም እየሰማን ነው። ቄሱ "መልሱ ስንት ነው አሉ?" ብለው ጠየቁ። ሃያ ሰባት አለች። "ዘሩስ?" አሉ። ዘሩ አይነሳም አሉ አባዬ፣ አለች። ከዚያ "ባለመሬቱ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?" አሉ። እናናየሁ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሥርጉት አልሳቀችም።

ወሬው በቄሱ ቤት አልቀረም። ታኅሣሥ ላይ አውድማው ሲጣል፣ ባየው እጁን ታጥቦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በአክብሮት "አባ፣ ዘንድሮ እንደ ኮሌጁ ብንካፈልስ?" ብሎ ጠየቀ። ቄሱ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ባየው ግን "እኔ አላልሁም፤ የተማሩት ተቀምጠው፣ መክረው፣ ማኅተም አድርገው ዘር አይነሳም ካሉ እኔ ማን ነኝ?" አለ። ቄሱም "እነሱ ዘር ሰጥተውህ ያውቃሉ?" አሉት። "አልሰጡኝም፤ መልስ ግን ሰጥተዋል" አለ። በዚህ መካከል ምርቱ ከአውድማው ላይ ሳይሰፈር ሰነበተ፤ ወፍ ለቀመው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሽማግሌዎቹ ቄሱንም ማስቀየም አልፈለጉም፣ ባየውንም ማስቀየም አልፈለጉም፣ ኮሌጁንም ፈርተዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ዘሩ ግማሹ ይነሳ ብለው ፈረዱ።

ሥርጉት ይህን ስትሰማ ወረቀት አወጣችና ፍርዱን በጥያቄ ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ሠራችው። ከአምስቱ ሁለት ተኩል ሲነሳ አርባ ሁለት ተኩል ይቀራል፤ ኤክስ ስምንት ተኩል፤ የአራሹ ድርሻ ሃያ አምስት ተኩል። ይህ ከአራቱ ምርጫዎች ውስጥ የለም። ሽማግሌዎቹም ቢፈተኑ ይወድቁ ነበር ማለት ነው።

ቄስ ወርቅአገኘሁና ባየው ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር ሆኗል። ቀድሞ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናሙን ሳይጠያየቁ አይተላለፉም ነበር። አሁን "እንደምን አደሩ" "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብለው ይተላለፋሉ። ለሚቀጥለው ክረምት ባየው ሌላ መሬት እያፈላለገ ነው ይባላል፤ ቄሱም ሌላ አራሽ። ሁለቱም ሰዎች ስለ እናንተ ክፉ ነገር ተናግረው አያውቁም። እኔም ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። አንዲት ነጥብ ነው የምለምነው። ሃያ ሰባት ስሕተት ነው አላልሁም፤ በመጽሐፉ መሠረት ልክ ነው፣ እኔም እንዲያ ብዬ ነው የመለስሁት። ሃያ አራትም ከአውድማው ላይ ልክ ነው። ሁለቱንም ልክ ቢሏቸው ምን ይጎድላል? ስንዴው እንደሆነ ለምሳሌ ነው ተብሏል። ሁለቱንም ልክ ማለት የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ከእንግዲህ ስለ ምርት ክፍፍል ስትጠይቁ ከግርጌው "ዘሩን እርሱት" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጨምሩልን እለምናለሁ። እርሱት ቢባል ሥርጉትም ትረሳው ነበር። ጉሙን ረስታዋለች፤ ስድስቱን ልጆችም ለአንድ ጥያቄ ያህል ረስታቸዋለች።

ይህም ካልሆነ ሌላ የምለው የለኝም። ልጅቷ የኮሌጁ መስኮት ሲከፈት ሄዳ፣ መስኮቱ ሲዘጋ ትመለሳለች። ደብተሮቿን እናናየሁ በማዳበሪያ ከረጢት አስራላታለች፣ አንሶላዋ ታጥቦ ደርቋል። አባቷ በውላቸው መሠረት የፊታችን ቅዳሜ መጥተው ይወስዷታል። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለ፤ አንድ ማኅተም ለመምታት ይበቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ የማደርገው ሌላ የማደርገው ስለሌለ ነው። እናናየሁ ትናንት "ለምን አትተወውም፣ ማን ያነበዋል?" ብላኛለች። የምተውበትን መንገድ ባውቅ እተወው ነበር።

ሥርጉት ራሷ ስለ ነጥቡ ማውራት ትታለች። ከትናንት ወዲያ የጠየቀችኝ ስለ ሌላ ነገር ነው። "ጋሼ፣ ባለመሬቱ ዘሩ ካልተነሳለት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘራል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስለማላውቅ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ምርጫ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ካላነበቡም ጊዜዎን ስላዳኑ ደስ ይለኛል። ቢሮዎ ከሰው እንዲያርፍ፣ ሰሌዳዎ ከወረቀት እንዳይራቆት፣ የሚያወጡት ጥያቄ ሁሉ መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ፣ የሚገጥምዎ ቅሬታ ሁሉ እርጅና ቀድሞ የሚያደክመው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአንድ ነጥብ ጉድለት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሰይፈሥላሴ ጣሰው
የቀድሞ የማተሚያ ቤት አራሚ
ደብረ ብርሃን፣ በጥር ወር

ግልባጭ፦
ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለማስገባት ዛሬ ጠዋት መጥቼ መዝገብ ቤቱ እስኪከፈት ስጠብቅ፣ ከሰሌዳው ላይ የእርስዎ ፊርማ ያለበት አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ይህን የምጽፈው ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉልኝ። ማስታወቂያውን በአራሚ ዓይን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፣ ማኅተሙም ጥርት ብሏል፤ እንኳን ደስ አለዎ። ከላይ የጻፍሁትን እንደገና ለመጻፍ ግን አቅሙ ስለሌለኝ እንዳለ አስገባዋለሁ። ማስታወቂያው እንደሚለው፣ ጥያቄ ቁጥር ሃያ ሰባት ለመጪው ዓመት ፈተና በሙከራ የቀረበ ስለነበረ ለማንም ተፈታኝ ነጥብ አልተያዘለትም።